ከሞተ ዲቪዲ የወጣ አረንጓዴ ሰዓት፦ ቪኤፍዲን በአርዱዪኖ ማብራት

የእህቴ ሻይ ቤት ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያ አካባቢ ነው። መደርደሪያዋ ላይ ከስኳር ጣሳው ጎን አንድ ሰዓት አለ። ቁጥሮቹ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ አረንጓዴ ይበራሉ። ጥግ ይዞ ሻይ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ያነበዋል። "ከየት ገዛሽው?" የሚላት አይጠፋም። አልተገዛም። ሌንሱ ሞቶ ከተጣለ ዲቪዲ ማጫወቻ ፊት ላይ የተፈታ መስታወት ነው፤ ከኋላው አንድ አርዱዪኖ ናኖ፣ ማለትም ከኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ፣ ተጣብቆበታል።

ይህን መስታወት ቪኤፍዲ ይሉታል፣ ሲዘረዘር ቫኪዩም ፍሎረሰንት ዲስፕሌይ። ስለ እሱ ኢንተርኔት ላይ ብዙ መመሪያ አለ። አብዛኛው ግን የሚጀምረው "ይህን አይሲ (ብዙ እግር ያለው ጥቁር ቺፕ) እዘዝ" ብሎ ነው። ማርቆስ ተቀምጬ አንዲት አይሲ ከባሕር ማዶ ላዝ? ደርሳ እስክትመጣ ፍላጎቴም ይሞታል። እዚህ በሽ የሆነው የሞተ ዲቪዲ ነው። ደግሞ መስታወቱን የሚነዳው አይሲ እዚያው ቦርድ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር ተበይዶ ተቀምጧል። እሱን ጥሎ ሌላ ማዘዝ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ስለዚህ የእኔ መንገድ ይህ ነው፦ መስታወቱን አትንቀል። ቦርዱን እንዳለ ውሰደው፣ ኃይሉን ስጠው፣ ከዚያ በሦስት ሽቦ አናግረው።

("አንተ" እያልኩ የምጽፈው እንዲቀለኝ ነው፤ አንቺም ተከተይ።)

መጀመሪያ፣ ውስጡ ምን አለ?

ሽቦ ከመንካትህ በፊት ይህን ክፍል አንብብ። እኔ ዘልዬው ነው የመጀመሪያውን መስታወት የገደልኩት።

መስታወቱ ውስጥ አየር የለም። ሦስት ነገሮች አሉ። ከፊት ለፊት፣ ከዳር እስከ ዳር የተወጠሩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች አሉ፤ ፊላመንት ይባላሉ። የተንግስተን ሽቦዎች ሲሆኑ የባሪየም፣ የስትሮንቲየምና የካልሲየም ኦክሳይድ ተቀብተዋል። ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግሉ ኤሌክትሮን ይተፋሉ። ከእነሱ ሥር ግሪድ አለ፤ ቀጭን ወንፊት በለው። በብዛት ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ወንፊት ይኖረዋል። ከሁሉም ሥር አኖዶቹ አሉ፤ የቁጥሩ ቁርጥራጭ ቅርጾች ማለት ነው፣ እኛ ሴግመንት የምንላቸው። ላያቸው ላይ ፎስፈር ተቀብቷል። የተለመደው አረንጓዴ ፎስፈር ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ኤሌክትሮን ሲመታው ይበራል።

የድሮውን ባለ ቂጥ ቴሌቪዥን አስታውስ፣ ሥራው ያው ነው። ልዩነቱ ቴሌቪዥኑ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሲፈልግ ይህኛው በ20 እና በ30 ቮልት መርካቱ ነው። ቁጥር የሚያሳየው ባለ ሰባት ሴግመንት ዓይነት በ1967 ጃፓን ውስጥ፣ ኢሴ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ድርጅት የሠራው ነው። ከዚያ በኋላ በካልኩሌተሩም፣ በዴኩም፣ በቪዲዮ ማጫወቻውም ፊት ላይ እሱ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። ግሪዱ ከፊላመንቱ አንጻር ፖዘቲቭ ከሆነ ኤሌክትሮኑን ያሳልፋል፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ይመልሳል። አንድ ሴግመንት እንዲበራ የራሱ አኖድም ከላዩ ያለው ግሪድም ሁለቱም ፖዘቲቭ መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ አይበቃም። አይሲው በዚህ ተጠቅሞ ቁጥሮቹን ተራ በተራ ያበራል። በጣም ስለሚፈጥን ዓይናችን ሁሉም አብረው የበሩ ይመስለዋል።

"ከፊላመንቱ አንጻር" የሚለውን ልብ በል። ዲቪዲ ውስጥ ፊላመንቱ ዜሮ ላይ አይቀመጥም። ከመሬት፣ ማለትም ከግራውንድ፣ በታች 19 ወይም 20 ቮልት ላይ ነው ያለው። አይሲው ሴግመንቱን ሲያበራ ወደ ፕላስ 5 ቮልት ይጎትተዋል፤ ሲያጠፋው ወደ ማይነስ 24 ያወርደዋል። ስለዚህ ሲበራ በአኖዱና በፊላመንቱ መካከል 24 ቮልት ገደማ ይኖራል። ሲጠፋ ደግሞ አኖዱ ከፊላመንቱም በ5 ቮልት ገደማ ያንሳል፣ አንዲት ኤሌክትሮን አታልፍም። ይህ ከገባህ የቀረው ሽቦ ማገናኘት ነው።

ሬሳውን መምረጥ

ሬድዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጋ ሂድ። እኔ የምሄድበት ሰው፣ አያ የምለው፣ ከሱቁ ጀርባ እንደ እንጨት የተከመረ ዲቪዲ አለው። "ሌንስ የሞተበት፣ ኃይሉ የሚሠራ" በለው። እንዲህ ካልክ የምትፈልጋቸው ቮልቴጆች ሁሉ ተዘጋጅተው ይጠብቁሃል። አያ ሁለት ሻይ ጋብዤው ነው የሰጠኝ፣ የአንተ ጠጋኝ የሚለውን እንጃ።

ተጠንቀቅ፣ ሁሉም ዲቪዲ ቪኤፍዲ የለውም። በኋላ የመጡት ርካሾቹ ኤልኢዲ ናቸው። መለያው ቀላል ነው። ቪኤፍዲ ወፍራም መስታወት ነው፤ በባትሪ ብርሃን ከጎን ስታየው ቀጫጭኖቹ ሽቦዎችና ወንፊቱ ይታያሉ። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ብርማ ነጠብጣብ አለ። ገተር ይባላል፤ የተረፈውን አየር የሚውጥ ነው። እሱ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ካገኘኸው መስታወቱ አየር አስገብቷል። አትድከም፣ ሌላ ፈልግ።

ቀጥሎ የፊት ቦርዱን አይሲ ቁጥር አንብብ። "6312"፣ "16312" ወይም "6311" የሚል ቁጥር ካለበት ደስ ይበልህ። ፒቲ6312 የሚባለው የፕሪንስተን ቴክኖሎጂ ሥራ ነው፤ 16312 ደግሞ የኤንኢሲ። ንግግራቸው አንድ ነው። 6311 ታላቅ ወንድማቸው ነው፣ ብዙ እግር አለው፤ ቋንቋው ተመሳሳይ ነው፣ ታች የምጽፋቸው የቁጥርና የባይት ብዛቶች ግን የ6312ቱ ናቸው። ፊት ለፊት ያለው አይሲ የራሱ ፕሮግራም የተጫነበት ማይክሮኮንትሮለር ከሆነ ይህ መመሪያ አይሠራልህም። እሱን ትተህ ከክምሩ ሌላ አንሳ።

ስትከፍተው

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የኃይል ቦርዱ አንዱ ግማሽ በቀጥታ ከ220 ቮልት ጋር የተያያዘ ነው። ትልቁ ካፓሲተር፣ ላዩ ላይ 400 ቮልት የተጻፈበት፣ ወደ 310 ቮልት ይሞላል። ሶኬቱን ነቅለህም ይዞ ሊቆይ ይችላል። በመፍቻ አታጋጨው። የድሮውን ባለ ሽቦ 220 ቮልት አምፖል በሁለት ገመድ እግሮቹ ላይ ለጥቂት ሰኮንዶች ያዝ፣ ከዚያ በቴስተር ለካ። ዜሮ አካባቢ ሲሆን ብቻ እጅህን አስገባ። የኃይል ቦርዱን ለሥራ ስታውለውም ሥሩ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ጋር በደንብ ይታሰር። ሻይ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ደግሞ ክዳን ይፈልጋል፣ እርጥብ እጅ ብዙ ነው።

ሦስት ነገር ታወጣለህ፦ የፊት ቦርዱን፣ የኃይል ቦርዱን፣ እነሱን የሚያገናኘውን ሪባን ገመድ። ዋናውን ቦርድና ሞተሮቹን አስቀምጣቸው፣ ለሌላ ቀን ይሆናሉ።

ቮልቴጁን ማግኘት

የኃይል ቦርዱ ማያያዣ አጠገብ ጽሑፍ ይኖራል። ፕላስ 5፣ ፕላስ 12፣ ግራውንድ፣ ማይነስ 24 (አንዳንዱ ማይነስ 21 ወይም ማይነስ 27 ነው)፣ ከዚያ ኤፍ ፕላስና ኤፍ ማይነስ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የፊላመንት ናቸው።

ብዙዎቹ እነዚህ ኃይሎች ጭነት ከሌለባቸው ቮልቴጃቸው ይዋዥቃል። 5 ቮልቱና ግራውንዱ መካከል 10 ኦም፣ 5 ዋት ረዚስተር አስር። ይሞቃል፣ ከፕላስቲክ አርቀው። ከዚያ አብራና ለካ። ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ ግራውንድ ላይ አድርግ። 5 ቮልቱን አረጋግጥ፣ ማይነሱን አረጋግጥ። ኤፍ ፕላስን ከግራውንድ ጋር በዲሲ ስትለካው ከማይነስ 24ቱ ጥቂት ቮልት ከፍ ያለ ቁጥር፣ ማይነስ 19 ወይም 20፣ ማየት አለብህ። በኤፍ ፕላስና በኤፍ ማይነስ መካከል የምታነበውን ቁጥር ግን አትመነው። ብዙ ጊዜ በጣም ፈጣን ኤሲ (እንደ ዲሲ አንድ አቅጣጫ የማይዝ፣ የሚገለባበጥ ኮረንቲ) ነው፣ ተራ ቴስተር በትክክል አይለካውም። ባሕር ዳር ፖሊ የሚማረው የአክስቴ ልጅ በኦሲሎስኮፕ ሲያሳየኝ ነው የገባኝ፤ የእኔ ቴስተር 1 ቮልት እያለ እዚያ ላይ ከሦስት በላይ ነበር። ቦርዱ የመስታወቱ የራሱ ከሆነ ልኩ ትክክል ነው፣ እለፈው።

የኃይል ቦርዱ የሞተ ከሆነስ?

ይቻላል፣ ትንሽ ሥራ ይጨምራል እንጂ። ሦስት ነገር ያስፈልግሃል። አንድ የስልክ ቻርጀር ለ5 ቮልት። አንድ 24 ቮልት አዳፕተር፣ ባለ ሁለት እግር ሶኬት ይሁን። አንድ የድሮ የሬድዮ አዳፕተር፣ ውስጡ ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ያለው፣ 6 ቮልት የሚሰጥ።

ማይነስ 24 ከየት ይመጣል? ከ24 ቮልት አዳፕተሩ። ፕላሱን ከግራውንድ ጋር አገናኘው። በቃ፣ ማይነሱ ማይነስ 24 ሆነ። አዳፕተሩ ከሌላው ጋር ስላልተሳሰረ የትኛውን ጫፍ ዜሮ እንደምትለው የአንተ ምርጫ ነው። ባለ ሦስት እግሩን ግን ተው። ማይነሱ ከመሬት ሽቦ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ላፕቶፕህም በመሬት ሽቦ ከተያያዘ፣ አርዱዪኖውን በዩኤስቢ ስትሰካ 24ቱ ቮልት ሾርት ይገባል።

ለፊላመንቱ የሬድዮ አዳፕተሩን ክፈትና ከዳዮዶቹ በፊት ካለው ትራንስፎርመር ሁለቱን የኤሲ ሽቦዎች አውጣ። አንዱን በቀጥታ ወደ ፊላመንቱ አንድ ጫፍ፣ ሌላውን በረዚስተር በኩል ወደ ሌላው ጫፍ። የፊላመንት እግሮች ብዙ ጊዜ የመስታወቱ የግራና የቀኝ መጨረሻዎች ናቸው፤ በኦም ስትለካቸው ጥቂት ኦም ያሳዩሃል። የረዚስተሩ ሒሳብ ቀላል ነው፦ ትራንስፎርመሩ የሚሰጠው ቮልት ሲቀነስ ፊላመንቱ የሚፈልገው፣ ሲካፈል ለፊላመንቱ ከረንት። ለምሳሌ 6.5 ቮልት ኤሲ አለህ እንበል፣ ፊላመንቱ 3.2 ቮልትና 100 ሚሊአምፔር ይፈልጋል እንበል። 33 ኦም ይመጣል፣ 1 ዋት ይሁን። ልኩን የማታውቅ ከሆነ በ68 ኦም ጀምርና ቀስ እያልክ ቀንስ።

ከሁለቱም የፊላመንት ጫፎች 100 ኦም፣ 100 ኦም ረዚስተር አውጣና አንድ ነጥብ ላይ አገናኛቸው። ከዚያ ነጥብ 5.1 ቮልት ዜነር ዳዮድ ወደ ማይነስ 24 ይሄዳል፤ መስመር ያለበት ጎኑ ወደ ነጥቡ ነው። ከነጥቡ ደግሞ 4.7 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ። ይህች ዜነር ናት ፊላመንቱን ከማይነስ 24 በ5 ቮልት ከፍ አድርጋ የምትይዘው። እሷ ከሌለች የጠፉት ሴግመንቶች ሁሉ እንደ ጥላ ይታዩሃል።

ፊላመንቱን አትጥበሰው

የመጀመሪያው መስታወቴ ላይ 12 ቮልት በቀጥታ ለፊላመንቱ ሰጠሁት። ብልጭ አለ፣ በጣም ያምር ነበር፣ ከዚያ ለዘላለም ድርግም። ቪኤፍዲ ላይ ቶሎ የሚሞተው ይህ ነው። 24ቱን ቮልት ሁሉም ይፈራል፣ ሦስቷን ቮልት ማንም አይፈራም።

ማታ መብራት አጥፍተህ ፈትን። ትክክለኛ ፊላመንት አይታይም። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ፣ ዓይንህ ከለመደ በኋላ፣ ጭል የምትል ጥቁር ቀይ ካየህ ጣሪያው ላይ ደርሰሃል። በቀን ብርሃን ቀልቶ ከታየህ ወዲያው አጥፋ፣ ቅቡ እየተነነ ነው። እጅግ ሲቀንስበት ደግሞ ቁጥሩ ይደበዝዛል፣ እኩልም አይበራም።

ኤሲ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ጠይቀህ ይሆናል። በዲሲ ከነዳኸው አንዱ ጫፍ ከሌላው በሦስት ቮልት ስለሚለይ የግራው ቁጥር ደምቆ የቀኙ ይደበዝዛል። ኤሲ ይህን ያቻችለዋል።

ሽቦ ማገናኘት

የፊት ቦርዱ ማያያዣ ላይ ከኃይሎቹ ሌላ ዳታ፣ ክሎክ፣ ኤስቲቢ (ስትሮብ፣ አንዳንዱ ሲኤስ ይለዋል) የሚሉ ጽሑፎች ፈልግ። ከሌሉ የአይሲውን ዳታሺት (ፋብሪካው የእያንዳንዱን እግር ሥራ የጻፈበትን ሰነድ) አውርድና ከእግሩ እስከ ማያያዣው በቴስተር ጢጥ እያስባልክ ተከተል። ማስታወሻ ላይ ጻፍ። በጭንቅላት መያዝ አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ።

እኔ እንዲህ አደረግኩ፦ ስትሮብ ናኖው 10 ላይ፣ ዳታ መግቢያ 11 ላይ፣ ዳታ መውጫ (ቁልፎቹን ለማንበብ ብቻ የሚያስፈልግ አራተኛ ሽቦ) 12 ላይ፣ ክሎክ 13 ላይ። ዳታ መውጫው ብቻውን ወደ ላይ መጎተት አይችልም፣ 4.7 ኪሎ ኦም ወደ 5 ቮልት አስርለት። ግራውንድ ከግራውንድ ጋር የግድ ይገናኝ።

ናኖ 5 ቮልት ስለሚናገር በቀጥታ ይገባባሉ። ኢኤስፒ32 የሚባለው ሌላ ቦርድ ከሆነ ያለህ 3.3 ቮልት ነው የሚሰጠው፤ አይሲው ደግሞ "አንድ" ብሎ የሚቀበለው ከ3.5 ቮልት ጀምሮ ነው። አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይለግማል። መሐል ላይ የቮልቴጅ ማስተካከያ ሞጁል አስገባ ወይም ናኖ ተጠቀም።

ስታበራ 5 ቮልቱ ይቅደም፣ ማይነሱ ይከተል። ሁለተኛውን ቦርዴን ያቃጠልኩት የ24 ቮልቱን ሁለት ሽቦ በጥድፊያ አቀያይሬ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፣ የእኔው ግን ሳይፈታ ጨሰ።

አይሲውን ማናገር

ቋንቋው አራት ዓይነት ትእዛዝ ብቻ ነው ያለው። አነጋገሩ እንዲህ ነው። ስትሮቡን ወደ ዜሮ ታወርዳለህ፣ ባይቱን ትልካለህ፣ ስትሮቡን መልሰህ ታነሳለህ። ባይት ማለት ስምንት ዜሮና አንዶች ናቸው፣ እያንዳንዷ ቢት ትባላለች፤ እያንዳንዱ ባይት ከትንሿ ቢት ጀምሮ ይላካል። አይሲው ዳታውን የሚያነበው ክሎኩ ከዜሮ ወደ አንድ ሲወጣ ነው። የአርዱዪኖው ሺፍት አውት የሚባለው ትእዛዝ፣ "ኤልኤስቢ ፈርስት" ብለኸው፣ ይህን በደንብ ይሠራል። ቁጥሮቹን በተራ አሥርዮሽ ነው የምጽፍልህ።

ኃይል ካገኘ በኋላ 200 ሚሊሰኮንድ ጠብቅ። ከዚያ፦

በመጀመሪያ 64 ላክ። "ዳታ ልጽፍ ነው፣ አድራሻውን ራስህ እየጨመርክ ሂድ" ማለት ነው።

ቀጥሎ ስትሮቡን አውርድና 192 ላክ፤ "ከዜሮ አድራሻ ጀምር" ማለት ነው። ስትሮቡን ሳታነሳ 22 ጊዜ ዜሮ አስከትል። አሁን አንሳው። ይህ ማጽጃ ነው። ሲበራ ማኅደሩ ውስጥ ዝባዝንኬ ስላለ ሳታጸዳ ካበራህ መስታወቱ ያበደ ይመስልሃል።

ሦስተኛው የቁጥሮቹ ብዛት ነው። 0 ከላክህ 4 ቁጥር፣ 1 ከላክህ 5 ቁጥር፣ እንዲህ እያለ 7 ስትልክ 11 ቁጥር ይሆናል። የእኔ መስታወት 7 ግሪድ ስላለው 3 ነው የላክሁት። በዚህ ምርጫ እያንዳንዱ ግሪድ 15 ሴግመንት ይኖረዋል።

አራተኛው ማብሪያው ነው። 128 ከላክህ ይጠፋል። ከ136 እስከ 143 ያሉት ያበሩታል። 136 በጣም ደብዛዛ፣ 143 በጣም ደማቅ፤ ስምንት ደረጃ ነው። በ139 ጀምር።

ማኅደሩ ውስጥ እያንዳንዱ ግሪድ ሁለት ባይት አለው፣ የመጀመሪያው ለሴግመንት 1 እስከ 8፣ ሁለተኛው ለቀሪዎቹ። ለሙከራ 22ቱንም ባይት 255 አድርግ። መስታወቱ ላይ ያለው ሁሉ ቦግ ይላል፦ ቁጥሮች፣ ነጥቦች፣ የዲስኩ ክብ፣ "ዲቪዲ" የሚለው ጽሑፍ፣ ምንነታቸውን የማላውቃቸው ቀስቶች። ይህን ሳይ ብቻዬን ጮህኩ። እህቴ ኮረንቲ የያዘኝ መስሏት ነበር።

ካርታ መሥራት

አሁን አሰልቺው ሥራ። የትኛው ቢት የትኛውን ሴግመንት እንደሚያበራ የሚነግርህ የለም። 7 ግሪድ በ15 ሴግመንት 105 ነው፤ ሁሉም ጥቅም ላይ ላይውሉ ይችላሉ። አንድ ቢት ብቻ አብርቶ፣ የግሪዱንና የቢቱን ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ የሚጽፍ፣ ከኮምፒውተሩ አንድ ፊደል ስትልክለት ወደ ቀጣዩ የሚሄድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍ። ደብተርህ ላይ የመስታወቱን ፊት በትልቁ ሣልና ሲበራ እያየህ ቁጥሩን አስቀምጥ። እኔን አንድ ምሽት ወሰደብኝ፣ ያውም መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ።

ስትጨርስ ሥርዓት ታያለህ። ብዙ ጊዜ የላይኛዋ ሴግመንት በሁሉም ቁጥር ላይ አንድ ዓይነት ቢት ናት። ከሆነልህ ከ0 እስከ 9 ላሉት ቁጥሮች አሥር ባይት ያለው አንድ ሠንጠረዥ ይበቃሃል። ካልሆነልህ ለየቁጥሩ ለየብቻ ጻፍ፣ ናኖው ላይ ቦታ ሞልቷል።

ሰዓቱ፣ የእኛው ሰዓት

ጊዜውን የሚቆጥረው ዲኤስ3231 የሚባል ሞጁል ነው። የራሱ ባትሪ ስላለው ክረምት ላይ መብራት ቢጠፋም አይሳሳትም። ኤስዲኤ ከኤ4፣ ኤስሲኤል ከኤ5 ጋር አገናኘው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ርካሾቹ ሰማያዊ ሞጁሎች ባትሪ የሚሞላ መስመር አላቸው። አንተ የምትጨምርበት ሲአር2032 ደግሞ የማይሞላ ባትሪ ነው፣ ሲሞላ ሊያብጥ ይችላል። ከባትሪው መያዣ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ዳዮድ ወይም አብራት ያለችውን ረዚስተር በመበየጃ አንሳት።

መጀመሪያ ላይ ሰዓቱን እንደ ስልኩ፣ በ24 አድርጌው ነበር። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ለረጅም ጊዜ አፍጥጠው አዩትና "ልጄ፣ ይህ የማን አገር ሰዓት ነው?" አሉኝ። 13 ከ20 ይል ነበር። እውነታቸውን ነው። በዚያው ምሽት ቀየርኩት።

ሒሳቡ አንድ መስመር ነው። ሞጁሉ በ24 ይቁጠር። አንተ ከሰዓቱ ላይ 6 ደምር፣ ለ12 አካፍለህ ቀሪውን ውሰድ፣ ቀሪው ዜሮ ከሆነ 12 በለው። 7 ሲል 13 ይሆናል፣ ቀሪው 1፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። 18 ሲል 24 ይሆናል፣ ቀሪው ዜሮ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት። ሌሊትና ቀን ለመለየት እኔ ከ6 እስከ 18 ባለው "ማጫወቻ" ቀስቷን አበራለሁ፣ በሌላው "ማቆሚያ" ሁለት መስመሯን። ሻይ ቤት ውስጥ ማን ይጠይቃል።

የዲስኩ ክብ ለሰኮንድ ሆነ። በእኔ መስታወት ላይ ስድስት ቁራጭ ስላለው በየ10 ሰኮንዱ አንድ ቁራጭ ይጨመርበታል፣ ደቂቃው ሲሞላ ይጠፋል። ልጆቹ ከሰዓቱ ይልቅ እሱን ነው የሚያዩት።

ብርሃኑን ለሌሊት ቀንስ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ 136 እልካለሁ። ለዓይን ብቻ አይደለም፤ ፎስፈሩ በበራ ቁጥር እያረጀ ይሄዳል። ያገለገለ መስታወት ላይ "ዲቪዲ" የሚለው ጽሑፍ ከሌላው ደብዝዞ የምታየው በቀድሞ ሕይወቱ ሁልጊዜ ሲበራ ስለኖረ ነው።

የፊት ቁልፎቹን አትጣላቸው

ሰዓት መሙያ ቁልፍ መግዛት አያስፈልግም። የዲቪዲው ማጫወቻና ማቆሚያ ቁልፎች ከአይሲው ጋር ተያይዘው ነው ያሉት። ስትሮቡን አውርድ፣ 66 ላክ፣ ቢያንስ አንድ ማይክሮሰኮንድ ጠብቅ፣ ከዚያ ከዳታ መውጫው ሦስት ባይት አንብብ፣ አሁንም ከትንሿ ቢት ጀምረህ። የተጫነው ቁልፍ አንዲት ቢት አንድ ሆና ትታያለች። የትኛዋ የትኛው እንደሆነ እየተጫንክ መዝግብ። እኔ አንዱን ለሰዓት፣ አንዱን ለደቂቃ ሰጠሁ።

ሲለግምብህ

ምንም ካልበራ መጀመሪያ ፊላመንቱን ተጠራጠር። እየሞቀ ነው? ኃይሉን አጥፍተህ በኦም ለካው፤ ተበጥሶ ከሆነ መስታወቱ አብቅቶለታል። ከተረፈ ማይነስ 24ቱ አይሲው ድረስ መድረሱን ለካ። እሱም ካለ የስትሮብና የክሎክ ሽቦዎችን አቀያይረህ ይሆናል፣ እኔ ሁለት ጊዜ አቀያይሬያለሁ።

ያላዘዝካቸው ሴግመንቶች እንደ ጥላ ከታዩ ፊላመንቱ ወደ ማይነስ 24 በጣም ተጠግቷል። ዜነሯን በ6.2 ቮልት ቀይራት።

አልፎ አልፎ ቁጥሩ የሚዘባረቅ ከሆነ ሽቦህ ረዝሟል ወይም ግራውንዱ ላልቷል። ከ20 ሴንቲሜትር በታች አድርገው፣ ከአይሲው 5 ቮልት አጠገብ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጨምር። በየሰኮንዱ ትእዛዞቹን ሁሉ እንደገና መላክም ጥሩ ልማድ ነው፤ ማቀዝቀዣው ሲነሳና ሲቆም በሚፈጥረው ጣጣ የእህቴ ሰዓት አልፎ አልፎ ይደነዝዝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን በሚቀጥለው ሰኮንድ ራሱ ይስተካከላል።

በስልክ ስትቀርጸው ቢርገበገብ አትደንግጥ፣ ያ ቁጥሮቹ ተራ በተራ የሚበሩበት ነገር ነው። በዓይንህ እያየኸው ከተርገበገበ ግን 5 ቮልቱን ለካ። ከ4.5 በታች ከወረደ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው።